በመፍቻው ቆጥቡ፣ በኮምፕሬሰሩ አትቆጥቡ

ዛሬ ከገብስ ዋጋ ትንሽ ወጣ ልበል። አጨዳ ላይ ኮምባይነር ወይ አይሱዙ በጎማ ሲቆም ኪሳራው በኩንታል ነው። ለግቢያችሁ በአየር የሚሠራ የጎማ ቡሎን መፍቻ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መፍቻው ርካሽ ይሁን፤ ብሩን ኮምፕሬሰሩ ላይ አውሉት። 6 ባር ገደማ ሳይቋረጥ ካላገኘ ውዱም መፍቻ ይደክማል። ደግሞ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር የሚለውን እዚህ 150 ብላችሁ ቁጠሩት። ለቤት መኪና 1/2 ኢንች ይበቃል፤ ለአይሱዙ 3/4 ያዙ። ማኅበራት ደግሞ አንድ ደህና ኮምፕሬሰር በጋራ ብትይዙ ይሻላል። ስታጠብቁ ግን በእጅ ጨርሱ፤ በአየር ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ጭነት ላይ ሊበጠስ ይችላል።