ደረሰኝ የማይቈረጥለት ዕቃ



ነጋዴ በገንዘቡ ብዛት ብቻ አይከበርም፤ ይልቁንም የሚከበረው በመዝገቡ ንጽሕናና በቃሉ ጽናት ነው። እኔም በወልድያ ከተማ በአንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት ያገለገልሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ በቅርቡ ያጋጠመኝን ለአንባቢዎች መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከጅቡቲ በሚሌ በኩል ጭነት ከሚያመላልሱት ሰዎች አንዱ ወደ ሱቃችን መጥቶ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠሩ አምባሮችና ሚዶዎች አሳየን። ዕቃው እንደ ማር የጠራና ዝንጕርጕር ስለ ሆነ ዐይን ይስባል፤ አልዋሽም፣ አንዱን አምባር በክንዴ ለክቼው ነበር። አሠሪዬ ግን «እስኪ በየትኛው መዝገብ ታሰፍሪዋለሽ?» አሉኝ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የለው፤ ፈቃድ የለው፤ ደረሰኝም አይቈረጥለት። መልስ አጥቼ አምባሩን ከክንዴ አወለቅሁ፤ ሰውዬውም ዕቃውን ይዞ ሄደ።

እርግጥ ነው፣ ይህ ንግድ ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ከአዱሊስ ወደብ ከሚወጡት ሸቀጦች መካከል የዝሆን ጥርስን፣ የኤሊ ቅርፊትንና የአውራሪስ ቀንድን ይቈጥራል። ዛሬ ግን ያን ያማረ ቅርፊት የምትሸከመው፣ አፏ እንደ ጭልፊት የተቈለመመው የባሕር ኤሊ፣ ከምድር ፈጽመው ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት አንዷ ናት። የመርሳ ፍራፍሬ ተለቅሞ ቢሸጥ ዛፉ በዓመቱ ያፈራል፤ የሐብሩ ማሽላ ቢታጨድ ዘሩ ይዘራል። ኤሊቱ ግን እንቍላል ለመጣል ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ትቈያለች፤ ቅርፊቷም የሚገኘው እርሷን በመግደል ነው።

ስለዚህም ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዚህችን ኤሊ ንግድ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። አገራችን በ1981 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆናለች፤ ጅቡቲም አባል ናት። ዋና ገዢ የነበረችው ጃፓን እንኳ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ቅርፊቱን ማስገባት አቁማለች። በእኛም አገር ሕጉ የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ60 ኩንታል በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት መቃጠሉን የማያስታውስ ማን ነው? የሕገ ወጥ ሸቀጥ ፍጻሜ ይህ ነው።

«እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሌላውም ይህንኑ ስለሚል ነው ኤሊቱ የምታልቀው። ከዚህም በላይ፣ አንድ አምባር በጭነት መካከል ተሸሽጎ ቢገኝ፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣው የሌላው ነጋዴ ዕቃ ጭምር በፍተሻ ሊጕላላ ይችላል፤ ጥቅሙ ለአንድ ሰው፣ ጉዳቱ ለብዙ ነው።

እንግዲህ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ያላችሁ ባለሱቆች፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቀርብላችሁ አትግዙ፤ አስመጪዎችም ከሾፌሮቻችሁ ጋር ጕዞ ሳይጀመር ተነጋገሩ። የሚገዛ ከሌለ የሚገድልም አይኖርም። በመዝገብ ለማስፈር የምናፍርበትን ዕቃ በመደርደሪያችን አናስቀምጥ።