«ጉበትዎ ላይ ትንሽ ስብ አለ፤ አያሳስብም»

ባለፈው ዓመት አጎቴን ለስኳር ክትትል ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። የቆዩ የምርመራ ወረቀቶቻቸውን በሙሉ በአንድ ፌስታል ቋጥረው ነበር የመጡት። ወረፋ እየጠበቅን ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ከስድስት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር ተጠርጥሮ የተነሱት የአልትራሳውንድ ውጤት እጄ ገባ። ጠጠር የለም ይላል። ከታች ግን በአንድ መስመር «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ ሁለት» ተብሎ ተጽፏል።

«ያኔ ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ትንሽ ስብ ነው፣ አያሳስብም አሉኝ። እኔ ደግሞ መጠጥ በአፌ አይዞርም፤ ጉበቴን ምን ይነካዋል ብዬ ተውኩት።»

ያኔ ስኳራቸውን የለካ አልነበረም። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ያወቁት ከአራት ዓመት በኋላ፣ እግራቸውን ማቃጠልና መደንዘዝ ሲጀምራቸው ነው። አብረን በሄድንበት ቀን ደግሞ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ኩላሊት መጎዳት መጀመሩን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ስቡ ኩላሊታቸውን ጎዳው እያልኩ አይደለም። የአንድ ሰው ታሪክ ያንን አያረጋግጥም። የምለው፣ ያቺ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ነበረች፤ ማንም ግን ከቁብ አልቆጠራትም።

እኛ ዘንድ የጉበት በሽታ ሲባል የሚታሰበው መጠጥ ወይም ሄፓታይተስ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በጣም የተስፋፋው የጉበት ችግር ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ ስብ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ስሙን ቀይረው ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር አያያዙት። የድሮው ስም በሽታው ምን እንዳልሆነ ብቻ ነበር የሚናገረው። አዲሱ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከውፍረት ጋር ዝምድና እንዳለው በግልጽ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ጉበት ስንበላ ስኳር ያከማቻል፣ ሌሊት በልክ ይለቃል። ልኩን የሚነግረው ኢንሱሊን ነው። ስብ የሞላው ጉበት ግን ኢንሱሊንን በደንብ አይሰማም፤ ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል። ብዙ ታማሚዎች «ማታ ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት ስኳሬ እንዴት ከፍ ይላል?» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉበቱ ወደ ደም የሚለቀው ስብም ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ለደም ሥር ጉዳት መንገድ ይከፍታል።

ስኳሩም በተራው ጉበትን ይጎዳል። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ላይ ስብ አለ። ስኳር ሲጨመርበት ጉበቱ ወደ መጠንከርና ወደ ሲሮሲስ የሚሄድበት ፍጥነት ይጨምራል። ሁለቱ የተገናኙበት ሰው ስኳር ብቻ ካለበት ይልቅ ለልብና ለኩላሊት በሽታ የበለጠ ይጋለጣል። ጉበታቸው ላይ ስብ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት ደግሞ በጉበት ሳይሆን በልብና በደም ሥር በሽታ ነው።

ታዲያ የኛ የስኳር ክትትል ቢቀናን ዓይንን፣ እግርንና ኩላሊትን ያያል። ጉበትን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። «ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው ያያል? ይህን ደግሞ ከየት ያምጣው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ወረፋውን ቆሜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ለመጀመሪያ ልየታ የሚመክረው ፊብ-4 የተባለው ስሌት አዲስ ማሽን አይፈልግም። ዕድሜ፣ ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲ እና የፕላትሌት ቁጥር በቂ ናቸው፤ በስልክ በደቂቃ ይሰላል። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ጉበቱ የመጠንከሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ መነሻው ከፍ ይላል። ኤስጂፒቲ ብቻውን ኖርማል ስለሆነ መዝናናት ግን ስህተት ነው፤ ጉበት እየተጎዳም ኖርማል ሊሆን ይችላል።

«መድኃኒት ለሌለው ነገር ሰው ለምን ይረበሻል?» የሚሉም አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዚህ በሽታ የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቅዳለች፤ ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ክብደት መቀነስ ግን ዋጋው ጥረት ነው። ከሰውነት ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበቱን ስብና ብግነት ያሻሽላል። 85 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 እስከ 8.5 ኪሎ ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ መተው፣ የሻይ ስኳር መቀነስና በየቀኑ በእግር መሄድ ጥሩ መነሻ ናቸው። በየቻናሉ የሚሸጠው «ጉበት ማጽጃ» ቅጠል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጭራሽ ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ አልትራሳውንድ «ፋቲ ሊቨር» ባለ ቁጥር ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ሳይለካ ሰው ወደ ቤቱ መላክ የለበትም። ስኳር ያለበት ሰውም «ጉበቴስ?» ብሎ ይጠይቅ።

የእናት የአባታችሁን የምርመራ ወረቀት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። የአጎቴ መስመር እዚያም ካለች፣ እንደኛ ስድስት ዓመት አትጠብቁ።