የኮሎራዶ ሕግ ተባይ አዳኝ ነፍሳትን ዘንግቷል

ባለፈው ሐምሌ ኦሮራ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጋራ የአትክልት ሥፍራ አንዲት እናት የጎመን ቅጠል ቆርጠው አሳዩኝ። የቅጠሉ ጀርባ በግራጫ ክሽክሽ ተሸፍኗል፤ በመካከሉ ያበጡና የደረቁ ቡናማ ቅንጣቶች ይታያሉ። እርሳቸው በሽታ መስሏቸው ተክሉን ነቅለው ሊጥሉት ነበር። ቅንጣቶቹ ግን የክሽክሹ ሬሳ ናቸው። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥገኛ ተርብ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩ ከውስጥ በልቶ ሲጨርስ ባዶ ቅርፊት ይቀራል። እዚያው ቅጠል ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ጥቁር እጭ ትሄድ ነበር፤ ይህች እጭ ስታድግ ልጆች የሚወዷት ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛ ትሆናለች። እርሷም ከመጨፍለቅ የተረፈችው ለጥቂት ነው።

እነዚህን ፍጥረታት የማያውቃቸው አትክልተኛው ብቻ አይደለም፤ ሕጉም አያውቃቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀውና ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሴኔት ረቂቅ 23-266 ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉትን ፀረ-ተባዮች ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ብቻ እንዲሸጧቸው ወስኗል። ሕጉ የተገባ ነው። ሲረቀቅ ግን በሁሉም ዓይን ፊት የነበረችው ንብ ናት። ከተራው መደብር መደርደሪያ አንዱ መርዝ ሲነሳ ፓይሬትሮይድ የተባሉት እነ ባይፈንትሪንና ፐርመትሪን ባሉበት ቀርተዋል። እነዚህ ደግሞ ክሽክሹን ከተርቧ፣ ተባዩን ከአዳኙ አይለዩም።

ጉዳቱ የሚታየው ከርጭቱ ቀን በኋላ ነው። እንስት ክሽክሽ በበጋ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ከርጭት ያመለጡ ጥቂቶች በቀናት ውስጥ ቅጠሉን መልሰው ይሞሉታል። አዳኞቹ ግን ቁጥራቸው ትንሽ፣ ማገገሚያቸውም ዘገምተኛ ነው። አትክልተኛው ተባዩ መመለሱን አይቶ ዳግመኛ ይረጫል፣ ዳግመኛም ይገዛል። እንደ ዴንቨር ባለ ደረቅና ሞቃት አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ በተለይ ይበረታል፤ አዳኞቹን የሚገድል ርጭት ያልታሰበውን ተባይ ሲያባዛ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የጃፓን ጥንዚዛ ነው። ጽጌረዳውና ሣር ሜዳው የተበላበት የዴንቨር ነዋሪ «የትኛው አዳኝ ይደርስልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ይህ መጤ ተባይ እዚህ በቂ ጠላት የለውም። ሆኖም ለአንድ መጤ ጥንዚዛ የታለመ ሕክምና አንድ ነገር ነው፤ ጓሮን በሙሉ በቀጠሮ መርጨት ሌላ ነገር ነው። አዳኝ ገዝቶ መልቀቅም መፍትሔ አይመስለኝም። በከረጢት የሚሸጡት ጥንዚዛዎች በአብዛኛው ከካሊፎርኒያ ተራሮች የተለቀሙ ናቸው፤ ሲለቀቁም ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት በርረው ይሄዳሉ። ቁም ነገሩ በጓሮው ያሉትን አለመግደል ነው።

ግዛቱ ይህን አሠራር ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። የኮሎራዶ ግብርና መሥሪያ ቤት በፓሊሴድ ያለውን የነፍሳት ማራቢያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን፣ ዓላማውም የኮክ እርሻን የሚያጠፋውን የእሳት ራት በጥገኛ ተርብ መከላከል ነበር። በሀገራችንም በዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን እርሱን በሚበላ ሌላ ጥቃቅን አዳኝ ይቆጣጠራሉ፤ ይህም ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርት ጥብቅ ንግድ ነው። ለገበሬ የተፈቀደው ጥበብ ለከተሜው ለምን ይነፈጋል?

መልሱ ከፊሉ በግዛቱ የፀረ-ተባይ ሕግ ውስጥ ነው። ይህ ሕግ ቁጥጥሩን በግዛቱ እጅ አድርጎ የከተሞችን እጅ አስሯል፤ ዴንቨርም ሆነች ኦሮራ በነዋሪዎቻቸው ግቢ በሚረጨው ላይ የራሳቸውን ደንብ ማውጣት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 የምክር ቤት ረቂቅ 24-1117 አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት በግዛቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥር አስገብቷል። ግዛቱ በአንድ እጁ ነፍሳትን ጠብቁ ሲል በሌላው ከተሞችን መከልከሉ አይጣጣምም።

የምንጠይቀው ይኸው ነው። ሕግ አውጪዎች ከተሞች ከግዛቱ ይልቅ ጠበቅ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን እንዲኖራቸው ያድርጉ። የሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶች ግን ይህን መጠበቅ የለባቸውም፤ በራሳቸው መናፈሻና ለጋራ አትክልት በሰጡት መሬት ላይ ምን እንደሚረጭ ዛሬም መወሰን ይችላሉ። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ የተርቧን ቅርፊትና የጥንዚዛዋን እጭ የሚያሳይ ባለ ሥዕል አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በስፓኒሽ ታትሞ በየአትክልት ሥፍራው በር ቢለጠፍ ወጪው ከአንድ ወቅት ርጭት ያንሳል ብዬ እገምታለሁ። ምክር ቤቱ በጥር ሲሰበሰብ ረቂቅ የምታዘጋጁ የምክር ቤት ረዳቶች ከዚህ በፊት አንድ የአትክልት ሥፍራ ሄዳችሁ የጎመን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ፤ ክሽክሹ እስከ መስከረም ድረስ እዚያው ነው።