ለሙሽራ የምንገዛው ክሬም

እኅቶቼ፣ አብረን ወልደን፣ አብረን ያሳደግን፣ አብረን የዳርን፤ ዛሬ የምናገረው ስለ ልጆቻችን ፊት ነው። ወቀሳው ግን በእኔም በእናንተም ላይ ነው። ሰርግ ሲቃረብ «ትንሽ ፊቷ ይጥራ» ብለን ከጎረቤት የሰማነውን ክሬም የምንገዛው እኛ ነን። ከዓረብ አገር ዘመድ ስትመጣ «ለልጄ ማቅያ አትርሺ» ብለን የምናዝዘውም እኛው ነን።

እኔም ገዝቻለሁ። የታናሽ ልጄ ሰርግ ሦስት ወር ሲቀረው ነበር። ሻጯ «በሳምንት ለውጡን ያዩታል፣ እማማ» አለችኝ፤ እንዳለችውም ሆነ። ብጉሩ ጠፋ፣ ፊቷ ፈካ፣ ዘመድ ሁሉ አደነቀ። በሁለተኛው ወር ጉንጯና አገጯ ላይ በአንድ ልክ የተሠሩ የሚመስሉ ቀያይ ጥቃቅን ብጉሮች ፈሉ። ክሬሙን ስትተው ፊቷ ይነዳል፤ መልሳ ስትቀባ ይበርድላታል። በሰርጓ ቀን ፋውንዴሽን ተደራርቦ ተሸፈነ። ማታ ስትታጠብ ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ከቱቦው ላይ ስሙን አነበበልኝ፦ ክሎቤታዞል፣ 0.05 ፐርሰንት። ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለጠና ኤግዚማ ሲያዝዘው እንኳ በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳያልፍ፣ ፊት ላይም እንዳይቀባ ያስጠነቅቃል። ልጄ ግን ጠዋትና ማታ ስትቀባው ወራት አለፉ። መድኃኒቱ መጀመሪያ የደም ሥርን ያጠብባል፣ እብጠትን ያበርዳል፤ ፊት የጠራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥር ያወጣል፣ ጉንጭ ላይ ጸጉር ያበቅላል፣ ብጉሩንም ራሱ ያመጣዋል። ቤታሜታዞን የሚል ካያችሁም የዚያው ወገን ነው።

ከሁሉ የምፈራው ስም የሌለውን ነው። ሁለት ሦስት ክሬም ተቀላቅሎ በባዶ ብልቃጥ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ምን እንደገባበት የሚያውቅ የለም። በአንዳንድ ማቅያ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡር ብትቀባው ለፅንሱ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን ውስጥ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን ማቅያዎች እንዲቀሩ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ክሬሙ ብቻም አይደለም። ዘይት የበዛበት ፋውንዴሽን፣ የኮኮናት ዘይትና የካካዋ ቅቤ ለብጉር የተጋለጠን ፊት ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች የጸጉር ቅባት በሚያዘወትሩ ጥቁሮች ግንባር ላይ ስለሚወጣ ብጉር ጽፈው ነበር። ይህን ስሰማ ቅቤያችን ትዝ አለኝ። አናት ላይ የቀባነው ለጋ ቅቤ ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ፣ ሻሽ ታስሮበት ሲታደር፣ ልጅቱ በማግስቱ ብጉር ብታወጣ ምን ይገርማል? ቅቤውን ተዉ አልልም፤ ግንባሯን ግን አጥቡላት።

በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉር ሲድን ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል፤ ለወራት ይቆያል። ልጆቹ ወደ ማቅያው የሚሮጡት ያንን ጥቁረት ለማጥፋት ነው። ማቅያው ሌላ ብጉር ያመጣል፣ ብጉሩ ሌላ ምልክት፣ ምልክቱ ሌላ ክሬም። ልጄ በዚህ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየች። የጀመረው እኔ በገዛሁላት አንድ ቱቦ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ «ጠቆርሽ»፣ «ፊትሽ ምን ሆነ» የሚለውን ንግግር ከቡና ላይ አንሱት። ለሙሽራ በሚላከው ዕቃ ውስጥ ማቅያ አታስገቡ። ልጃችሁ የምትቀባውን ቱቦ ዛሬውኑ ተቀብላችሁ እዩት፤ ማንበብ ካቃታችሁ ፋርማሲ ወስዳችሁ አስነብቡ። ስቴሮይድ ሆኖ ከተገኘና ስትቀባው ከቆየች ነጥቃችሁ አትጣሉባት፤ በድንገት ሲቆም ፊቷ ይብስበታል። ቱቦውን ይዛችሁ፣ እሷንም ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አትቆጧት፤ አብራችኋት ግቡ።