ልምድ ከየት ይምጣ?

ትምህርቱን ጨርሶ የድረ ገጽ ንድፍ ሠሪ ለመሆን የሚመኝ ተማሪ የሥራ ማስታወቂያ ባነበበ ቁጥር የሚገጥመው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም «2 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለው ነው። ልምድ እንዲኖረው ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራ እንዲያገኝ ደግሞ ልምድ ይጠየቃል። ወደ ውሃው ሳይገባ ዋና ተምሮ እንዲመጣ የታዘዘ ሰው ይመስላል።

በዚህ ጉዳይ በተማሪዎች መካከል የሚሰማው አብዛኛው ንግግር እሮሮ ነው። እሮሮው እውነት አለበት፤ ነገር ግን እሮሮ ብቻውን እንጀራ ሆኖ አያውቅም። በእኛ አስተያየት የችግሩ ግማሽ ያለው ልምድ ለሚባለው ቃል በሰጠነው ትርጉም ላይ ነው። ልምድ ማለት ደመወዝ የተበላበት ዘመን ብዛት ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው ጉዳይ ተጨንቆ የተሠራ፣ በሌላ ሰው ዓይን ሊታይና ሊመረመር የሚችል ሥራም ልምድ ነው። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ተሰብስበው ሲቀርቡ ነው ፖርትፎሊዮ የሚባሉት። ይህን የመሰለው ሥራ ደግሞ ከኮልፌ ቀራንዮ ሳንወጣ በየደጃችን ሞልቷል።

ሐሳቡ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ቢነገር ማንም አይደነቅም፤ የሚጠየቀው ቅኔውን ነው። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እናስታውስ። በዚያ ደንብ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ከመቀጠር በፊት ማገልገል በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው ማለት ነው።

ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከሁለት አቋራጮች አንዱን እንመርጣለን። የመጀመሪያው ወረቀት መሰብሰብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራምን ጀምሯል፤ ትምህርቱ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን ለጨረሰው ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መልካም ነገር ነውና ያልተማረው ይማርበት እንላለን። ነገር ግን ወረቀቱ ትምህርቱን መጨረሳችንን እንጂ ምን መሥራት እንደምንችል አያሳይም። ደግሞስ ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ ከተሰለፈ ቀጣሪው በምን ይለየናል?

ሁለተኛው አቋራጭ የሌለ ደንበኛ መፍጠር ነው። ስሙ ተፈጥሮ የተሰጠው የቡና ድርጅት፣ ከኢንተርኔት የተቀዳ የስኒ ፎቶግራፍ፣ ማንም ያልተናገረው ምስጋና ተደርድሮ «የሠራሁላቸው ደንበኞች» ይባላል። ይህ ውሸት ከመሆኑም በላይ ለሠሪው አይጠቅመውም፤ «ይህን አልወደድኩትም፣ መልሰህ ሥራው» የሚል ባለቤት ያልነካው ሥራ ፈተና ያልወሰደ ተማሪ ማለት ነው። መልመጃ መሥራት ነውር አይደለም፤ መልመጃ ነው ተብሎ ይጻፍበት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቭ ሺ የተባለ ካናዳዊ ሲ ኤስ ኤስ ዜን ጋርደን የሚባል ድረ ገጽ አቋቁሞ ነበር። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጥቶ ቃሉን ሳትነኩ መልኩን ብቻ ለውጡ አለ። በየአገሩ ያሉ ንድፍ ሠሪዎች ያለ አንዳች ደንበኛ ችሎታቸውን በዚያ አሳዩ፤ ማንም አልተታለለም፤ ምክንያቱም መልመጃነቱ የታወቀ፣ ገደቡም ለሁሉም እኩል ነበር።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አጠና ተራ ያለውን ነጋዴ እንውሰድ። ገዢው የሚጠይቀው የአጠናውን ውፍረት፣ ቁመቱንና ማጓጓዣውን ነው። ንድፍ ሠሪው ሄዶ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ዋጋው ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ ይረዳል። ስለዚህ የዋጋ ሰንጠረዥ ያሸበረቀበት ገጽ በሳምንቱ ሐሰተኛ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ዓይነቱን በግልጽ ፎቶግራፍ አሳይቶ፣ ስልኩን በትልቁ ጽፎ «የዛሬውን ዋጋ ደውለው ይጠይቁ» የሚል አንድ ገጽ ይሻላል። አየር ጤና ልብስ የምትሰፋ እኅት፣ ቤቴል ያለ ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት፣ ዓለም ባንክ ያለ እድር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። እድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን የሚያከራይ ከሆነ ጥያቄው «የትኛው ቀን ነፃ ነው?» የሚል ነው። ምናልባትም አዳምጠን ስንጨርስ ድረ ገጽ ጭራሽ አያስፈልገውም፣ በደንብ የተያዘ የቴሌግራም ገጽ ይበቃዋል ብለን እንፈርድ ይሆናል። ይህንንም ከነምክንያቱ ጽፎ ማስቀመጥ የንድፍ ሠሪ ሥራ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከሌላው የምንበልጥበት አንድ ሜዳ ደግሞ አለ፤ እርሱም ቋንቋችንና ልማዳችን ነው። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእኛ ሰው ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚጽፈው። ከውጭ የተቀዳ የቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜን የት ትግባ? ባለቤቱ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንከፍታለን» ያለውን ሳያስተውል በፈረንጅ ሰዓት 2 ብሎ የሚሞላ ሰው ደንበኛውን በእኩለ ሌሊት ይጠራዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ አቢሲኒካና ኖቶን የመሰሉ የአማርኛ የፊደል ቅርጾችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ እያለ አማርኛውን እንደ ሥዕል አድርገው የሚለጥፉ ገጾች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ተጠቃሚው ሊቀዳው አይችልም፤ ጮክ ብሎ በሚያነብ መሣሪያ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ወንድማችንም ባዶ ወረቀት ነው። እነዚህን ነገሮች አርሞ ያሳየ ተማሪ «ልምድ የለህም» ቢባል እንኳ «ማስተዋል የለህም» ሊባል አይችልም።

ክብደትንም እንዳንረሳ። የሰፈራችን ሰው ገጹን የሚከፍተው በስልኩ፣ በገዛው ካርድ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 10 ፎቶግራፎች 40 ሜጋባይት ይበሉበታል። በጥንቃቄ ተጨምቀው እያንዳንዳቸው 200 ኪሎባይት ቢሆኑ ግን ሁሉም በ2 ሜጋባይት ያልቃሉ። የፊቱንና የኋላውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጎ ማቅረብ ከብዙ ጌጥ ይልቅ ይናገራል።

ስንት ሥራ ይበቃል? ለእኛ ሦስት በቂ ነው፤ አንድ ለነጋዴ፣ አንድ ለማኅበር፣ አንድ ደግሞ መልመጃነቱ የተገለጸ። እነዚህንም ጊትሃብ ያለ ክፍያ በሚሰጠው የማሳያ ቦታ ላይ ማዋል ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር አጭር ታሪክ ይጻፍ፦ የማን ችግር ነበር? ምን ብለን ጠየቅን? ምን ሠራን፣ ምንስ ትተን ለምን ተውነው? ከሥራው ውስጥ የጓደኛ እጅ፣ የተዋስነው ንድፍ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት እርዳታ የቱ ነው? ይህን ደፍሮ የሚጽፍ ተማሪ ቀጣሪው ፊት ሲቀርብ የሚያሳፍረው ነገር አይኖርም።

አንዳንድ ሰዎች «በነፃ መሥራት ራስን ማስበዝበዝ ነው» ይሉን ይሆናል። ስጋታቸውን እንጋራለን። ስለዚህ ልኩን እናበጅለት። መክፈል ለማይችል እድርና ለትንሽ ነጋዴ በነፃ ይሠራ፤ ገንዘብ ላለው ግን ዋጋ ይጠየቅ። «ፈተና ነው» ብሎ ሙሉ ድረ ገጽ አሠርቶ ለራሱ የሚያውል ቀጣሪ ቢገጥመን፣ ፈተና ከጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ሥራ ይባላል፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል ብለን እንመልስ። በነፃ የሚሠራውም ቢሆን በአንድ ገጽ ውል ይሠራ፤ ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ሥራውን በፖርትፎሊዮ ለማሳየት ባለቤቱ መፍቀዱ ይጻፍበት። የይለፍ ቃሉም በሥራው ፍጻሜ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ተማሪው ተመርቆ ክፍለ ሀገር ሲሄድ የነጋዴው ገጽ አብሮት መሄድ የለበትም። የእድር አባላትን ስም፣ ስልክና ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዳቸው ማውጣትም ክልክል መሆኑን እንወቅ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ገጽ በሚሠራበት ዘመን ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» ይላሉ። ገጽ መሥራቱንስ ይሠራል። ነገር ግን አጠና ተራ ሄዶ ቁጭ አይልም፤ እድሩ የሚጣላው በወንበር ኪራይ ቀን መሆኑን ማንም ካልነገረው አያውቅም። መሣሪያው በረከሰ ቁጥር የሚወደደው የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሰው ነው።

የቀረው ከባዱ ነገር እኩል አለመሆናችን ነው። አንዱ ቤቱ ላፕቶፕና ኢንተርኔት አለው፤ ሌላው ስልክ ብቻ ይዞ የቤተ ሙከራውን ተራ ይጠብቃል። ንድፉን በእርሳስና በካሬ ወረቀት መጀመር ይቻላል፤ መጨረስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ምክራችን ለግለሰብ ተማሪ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ማኅበራችን በክፍለ ከተማው ሥራ የሚፈልጉ እድሮችንና ነጋዴዎችን የሚመዘግብ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ላፕቶፕ የሌላቸው አባላት በተራ የሚጠቀሙበትን ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ ያስፈቅድ፤ በወር አንድ ቀን ሥራዎቻችንን እርስ በርሳችን የምንተችበት ጉባኤ ያዘጋጅ። የትምህርት ክፍሎች ይህን ሥራ እንደ ተግባር ልምምድ ይቁጠሩልን። ቀጣሪዎችም ለጀማሪ ቦታ ማስታወቂያ ሲያወጡ «ዓመትህን ቁጠር» ከማለት «ሥራህን አሳየን» ቢሉ የሚያተርፉት እነርሱ ናቸው።

ወንድሞችና እኅቶች! በሩ እስኪከፈትልን ደጅ ጠንተን ብንቀመጥ የሚያስወቅሰን አይኖርም፤ የሚጠቅመን ግን አይደለም። ቀጣሪው ልምዳችሁ የታለ ብሎ ሲጠይቀን በእጃችን የሚዳሰስ መልስ ይኑረን። በዚህ ሳምንት ከእኛ እያንዳንዱ በሰፈሩ አንድ ደጃፍ ያንኳኳ፤ መጀመሪያም «ምን ልሥራላችሁ?» ሳይሆን «ሥራችሁ ላይ ምን ያስቸግራችኋል?» ብሎ ይጠይቅ።