ልጅን ለአራት ይዞ ጥርስ መንቀል ሕክምና አይደለም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼን ሊያስቀይም ይችላል። ይሁን።

በቅርቡ ለዘመድ ጥየቃ አቦምሳ ሄጄ ነበር። ሐኪም መጣ ከተባለ ቡናው ሳይፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ጉንጩ እያበጠ ነው፤ አፉን ግን አይከፍትልኝም» አለችኝ። ልጁ ገና እጄን ስዘረጋ አፉን በሁለት መዳፉ ከድኖ ከቀሚሷ ኋላ ተሸሸገ።

ነገሩ የጀመረው ከወራት በፊት ነው። የኋላ ጥርሱ መግል ይዞ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። አባት እግሩን፣ አጎት እጁን፣ እናት ደረቱን፣ ነርሷ ጭንቅላቱን ያዙ። መርፌ ተወጋ፤ አልደነዘዘም። ተደገመ፤ አሁንም አልደነዘዘም። እየጮኸ ጥርሱ ተነቀለ፤ ሥሩ ተሰብሮ ቀረ። አሁን ሌላ ጥርስ ተበላሽቷል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄዱ «ለጥርስ ብለን ልጅ አናስተኛም» ተብለው ተመለሱ።

መርፌው ያልሠራው ልጁ ስላስቸገረ አይደለም። መግል የያዘ ሥጋ አሲዳማ ስለሚሆን ማደንዘዣው እዚያ ቦታ ላይ ኃይሉን ያጣል። ስላልሠራ ደግሞ ዝም ብሎ አይጨመርም። ለጥርስ የምንጠቀምባት ትንሿ የመስታወት ካርትሪጅ ባለ 2 ከመቶ ሊዶኬይን ከሆነች 36 ሚሊግራም ትይዛለች። ለልጆች የጥርስ ሕክምና የሚመከረው ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው። 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 70 ሚሊግራም ላይ ያበቃል፤ ሁለት ካርትሪጅ 72 ነው። ከዚህ እየበዛ ሲሄድ ልጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እናትየውን «ከመወጋቱ በፊት ሚዛን ላይ አቁመውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። አላቆሙትም።

ያንን ባለሙያ ክፉ ነው አልልም። ያበጠ ልጅ ፊቱ ተቀምጧል፣ የሚያስተኛለት ሰው የለም፣ ወላጅ «ገላግለን» ይላል። እኔ የምከሰው ይህን ሰው ብቻውን ያቆመውን አሠራር ነው። በአገራችን ሰውን ለጥርስ ሕክምና በሰላም ማስተኛትን እንደ ራሱን የቻለ ሙያ ቆጥሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚያሰለጥን የስፔሻሊቲ ፕሮግራም የለንም። ለምን አልኖረንም ብሎ የሚጠይቅም ብዙ ሰው የለም፤ ምክንያቱም «ጥርስ ነው፣ ያልፋል» ብለን አድገናል። የጨቅላ ድድ ተፈልፍሎ «ግግ» ሲወጣ ቆመን ያየን ሕዝብ ነን። (ግግ የሚባል በሽታ የለም። የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። እባካችሁ አታስነቅሉ።)

የሚገርመው ማደንዘዣን ለዓለም ያስተዋወቁት የጥርስ ሐኪሞች መሆናቸው ነው። ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 በሳቅ ጋዝ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። ዊልያም ሞርተን በ1846 ቦስተን ሆስፒታል ውስጥ በኤተር በሽተኛ አስተኝቶ ለሐኪሞች አሳየ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ።

«ታዲያ ለጥርስ ሐኪሞች የሁለት ሳምንት ኮርስ ሰጥቶ፣ ኬታሚን አስይዞ ወደ ክሊኒካቸው መስደድ ነው» የሚሉ አሉ። የዛሬው ጽሑፌ ዋናው ጠብ ከእነዚህ ጋር ነው። ለእግር ስብራት ስናስተኛ ሐኪሙ እግር ላይ ይሠራል፣ አኔስቴቲስቱ አፍና አፍንጫውን ይጠብቃል። ለጥርስ ሲሆን ግን ሁለቱም አንድ በር ላይ ናቸው። ደም፣ ውኃ፣ ጥጥ፣ የጥርስ ስባሪ ሁሉ የሚወርደው ትንፋሽ በሚገባበት መንገድ ነው። ኬታሚን ብዙ ነፍስ ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ግን ምራቅ ያበዛል፣ አንዳንዴም የልጅን ጉሮሮ በድንገት ይዘጋል። ያኔ የሚሠራው ነገር በደቂቃ ሳይሆን በሰከንድ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ጉጠት የያዘ እጅ ኦክስጅን ሊይዝ አይችልም።

እንግሊዞች ይህን የተማሩት ከጥርስ ወንበር ላይ ሳይነቁ በቀሩ ሕፃናት ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ለጥርስ ተብሎ ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠው የጽኑ ሕሙማን ድጋፍ ባለበት ሆስፒታል ብቻ እንዲሆን አደረጉ። አሜሪካ የጥርስ ማደንዘዣን እንደ ስፔሻሊቲ ያወቀችው በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ አንድ የጥርስ ሐኪም ይህን ስም ለማግኘት ሦስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ይሰለጥናል፤ ከሚያስተኛቸው መካከል ትናንሽ ሕፃናትና የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የግድ መኖር አለባቸው። ሦስት ዓመት! እኛ በሁለት ሳምንት?

ለእኔ ከባድ የሆነብኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። አንድ ባልደረባዬ «በምጥ የተያዘች እናት አኔስቴቲስት አጥታ በምትሞትበት አገር ስለ ጥርስ ታወራለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የዓለም የአኔስቴዚዮሎጂ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 5 ስፔሻሊስት ሐኪሞች ይላል፤ እኛ አንድ እንኳ አንሞላም። ሸክሙን የተሸከሙት አኔስቴቲስቶቻችን ናቸው። እነሱን ከኦፕሬሽን ክፍል ጎትታችሁ ወደ ጥርስ ክሊኒክ አምጡ የሚል ካለ እኔም እቃወመዋለሁ።

ግን የጥርስ መግል ራሱ ሰው ይገድላል። ከታች መንጋጋ የተነሳ መግል ምላስ ሥር ሲሰራጭ አንገት ያብጣል፣ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ የአየር መንገድ ይዘጋል። ያንን በሽተኛ ማስተኛት ለአኔስቴቲስት ከሚገጥሙት ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው። በአፍንጫ በኩል ቱቦ ማስገባትን በጤናማ ልጆች ጥርስ ላይ ደጋግሞ ያልተለማመደ እጅ በዚያ ሌሊት ከየት ያመጣዋል? ሽምብራ ያነቀውን ሕፃን የሚያድነውም ያው እጅ ነው። ይህ ሥልጠና ከወላዷ የሚቀማ አይደለም።

የምጠይቀው የአሜሪካንን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጡ አይደለም። አዳማና አሰላ ሐኪም የሚሰለጥንባቸው ሆስፒታሎች አሉን። እዚያ በሳምንት አንድ ቀን የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ለልጆች ጥርስ ይመደብ። የማደንዘዣ ሰልጣኞች በዚያ ቀን ተራ ይግቡ፤ የጥርስ ሐኪሞችም ጥቂት ወራት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ትንፋሽ መጠበቅን ይማሩ። ከዚያ ውስጥ ሬዚደንሲ ይወለዳል። ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ይህን ቀን ከማንም በላይ እየጠበቁ ነው፤ ልጃቸው የት እንደሚያመው እንኳ መናገር አይችልም።

እስከዚያ እናንተ ወላጆች አትታለሉ። አገጭ ሥር ወይም አንገት ካበጠ፣ ልጁ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ትኩሳት ካለው፣ ክሊኒክ አትዙሩ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። እንዲተኛ ከተወሰነ ከስድስት ሰዓት ወዲህ ምግብና የላም ወተት፣ ከአራት ሰዓት ወዲህ የጡት ወተት፣ ከሁለት ሰዓት ወዲህ ውኃም አይሰጠው። ደግሞም ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «እርስዎ ሲነቅሉ ትንፋሹን የሚጠብቀው ማነው?» «እኔው ነኝ» ካለ፣ ልጃችሁን አቅፋችሁ ውጡ።