የሽቦዋም መኪና ትሰብሰብ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ሮቢትን ሰንጥቆ ያልፋል። የከተማዋ ልጅ መኪናን የሚያጠናው በዚህ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ነው። ቀን ያየውን የጭነት መኪና ማታ ከሽቦ ይሠራዋል። ሻንሲው ሽቦ ነው፣ ጭነት መያዣው የተቆረጠ ጀሪካን፣ ጎማው ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል ወይም ቆርኪ። መሪው ቆሞ ለመንዳት እንዲመች እስከ ደረት ይደርሳል። ሽቦ ቢጠፋ የራያ ሜዳ የማሽላ አገዳ አያሳጣም፤ ከአገዳም መኪና ይወጣል። መኪናዋ ስትሰበር ግን ትጣላለች፤ የሚያስቀምጣት የለም።

በሌላው ዓለም የልጅነት መኪና ትልቅ ገበያ አለው። ዚንክ የበዛበት ቅይጥ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ እየተጨመቀ የሚሠራው ትንሽ መኪና ዛሬ የሚሸጠው ለልጆች ብቻ አይደለም። የለንደኑ ሌስኒ ኩባንያ ማችቦክስን እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ አቀረበ፤ የአሜሪካው ማቴል ደግሞ በ1968 ሆት ዊልስን አስከተለ። ያኔ በእነዚህ የተጫወቱ ልጆች ዛሬ ሽበት አውጥተው፣ የልጅነታቸውን መኪና ከነካርቶኑ ፈልገው ይገዛሉ። ኩባንያዎቹም ይህንን አውቀው የድሮውን ሞዴል እንደገና እያወጡ ይሸጡላቸዋል። ሱቅ ውስጥ ከአንድ ሁለት ዶላር የማያልፍ ዕቃ፣ ብርቅ ሲሆን ሺዎችን ያወጣል። ለሽያጭ ያልበቃች አንዲት ሮዝ የሆት ዊልስ ቮልስዋገን የሙከራ ናሙና ዋጋዋ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይገመታል።

የማችቦክስ አነሳስ ግን ከሮቢት የሽቦ መኪና ብዙም አይርቅም። እንደሚነገረው የሌስኒው ጃክ ኦዴል ሴት ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት ከክብሪት ቤት የሚበልጥ አሻንጉሊት ይዞ መግባት ይከለክል ነበር። አባቷ ክብሪት ቤት ውስጥ የምትገባ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። ነገሩ ሁሉ ከዚያች የእጅ ሥራ ተነሣ። ልዩነቱ ያችን መዳመጫ ቁም ነገር ብሎ የያዛት ሰው መኖሩ ነው።

በከተማም በውጭም ያለ የራያ ተወላጅ የመስታንግ ወይም የኮርቬት ሞዴል ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ቢደረድር ነውር የለበትም፤ ውብ ዕቃ ነው። ግን የሚገዛው የሌላ ሰው ልጅነት ነው። እሱ ያደገው የጣሊያኑን ትሬንታ ኳትሮና ኤን ትሬ ሲያወሩ እየሰማ፣ አይሱዙን እየቆጠረ፣ ሾፌሩ ጡሩምባ እንዲነፋለት እጁን እያወዛወዘ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለውን ሲኖትራክና ባጃጅን እያየ አደገ። የሽቦ መኪኖቹ ቢቀመጡ ኖሮ መንገዱ ላይ ምን እንዳለፈ፣ በየትኛው ዘመን የትኛው ዕቃ እንደተጣለ በተርታ ይናገሩ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏልና መንገዱ ራሱ እየተለወጠ ነው። የዛሬው ልጅ የሚሠራትም ነገ አትገኝም።

«አገር እንዲህ በሆነበት ጊዜ ስለ አሻንጉሊት ወሬ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቆቦ አካባቢ ሕዝብ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ጦርነት በደጁ አልፎበታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ነገር ግን የልጆች ጨዋታ ከዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ አይደለም። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ የወዳደቀ ብረት ለቃሚ ነው። ጦርነት ባለፈባቸው የአማራ፣ የአፋርና የትግራይ አካባቢዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ አንሥተው የተጎዱና የሞቱ ልጆች አሉ። ትናንት ሽቦና ጣሳ የተለቀመበት ሜዳ ዛሬ ያስፈራል። ልጁ ምን እንደሚለቅምና በምን እንደሚጫወት የማይጠይቅ ትልቅ ሰው አደጋውንም አያይም። ስለ አሻንጉሊቱ መነጋገር ስለ ልጁ ደኅንነት መነጋገር ነው።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንድ የሮቢት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከተማሪዎቹ ጥቂት መኪኖች ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። በእያንዳንዷ ሥር የሠሪው ስም፣ ዕድሜው፣ ዓመቱ፣ የተሠራችበት ዕቃና የየትኛው መኪና ምሳሌ እንደሆነች ይጻፍ። መምህሩም በዚያው ሰዓት የሚለቀመውና የማይነካው ብረት የትኛው እንደሆነ ያስተምር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ አንሥቶ መዝግቦ ሊያስቀምጥ ይችላል። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሕዝቦችን ዕቃ ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ያሳያል። የልጅነት ክፍል ካለ የሽቦ መኪናም ቦታ አያጣም።

ይህ ለትንሽ ነገር ትልቅ ወግ መስጠት የሚመስለው ካለ አሜሪካኖችን ይመልከት። በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ያለው የአሻንጉሊቶች የክብር መዝገብ በ2011 ሆት ዊልስን፣ በ2019 ማችቦክስን አስገብቷል። ከሁለቱም አስቀድሞ የገቡ ግን አሉ፤ በ2005 ባዶ ካርቶን፣ በ2008 ደግሞ ተራ እንጨት። ልጅ በእጁ የገባውን ሁሉ አሻንጉሊት እንደሚያደርግ አምነው አከበሩት። እዚህ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሆኖ፣ ልጁ ራሱ አስቦ ለክቶ የሠራው መኪና ከቆሻሻ ተቆጥሮ ይጣላል።

በሚቀጥለው ጊዜ በሮቢት ሲያልፉ መንገድ ዳር የሽቦ መኪና የሚነዳ ልጅ ካዩ ቆም ብለው ሞዴሏን ይጠይቁት። ከቻሉም በተገቢው ዋጋ ይግዙትና ስሙን ጽፈው ያስቀምጡለት። እሱ ነገ ሌላ ይሠራል፤ የዛሬዋ ግን እንደገና አትመጣም።